በሁለት ሥዕሎች መካከል

ጥሩ የኮሚክ መጽሐፍ እጅዎ ሲገባ ሥዕሎቹን ለጊዜው ይተዉአቸውና በመካከላቸው ያለውን ነጭ መስመር ይመልከቱ። ስፋቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው። ቀለም የለበትም፤ ጽሑፍም የለበትም። ሠዓሊው ግን ብዙ የተጨነቀው እዚያ ላይ ነው። በግራው ሣጥን አንድ ልጅ ድንጋይ አንሥቷል። በቀኙ ሣጥን መስኮቱ ተሰብሯል። ድንጋዩ ሲወረወር የሚያሳይ ሥዕል የለም። የወረወረው አንባቢው ነው።

አሜሪካዊው ሠዓሊ ስኮት ማክላውድ እ.ኤ.አ. በ1993 ስለ ኮሚክ አሠራር ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ክፍተት የሙያው እምብርት አድርጎታል። ከሣጥን ወደ ሣጥን የሚደረገውን ሽግግርም ስድስት ዓይነት ብሎ ለይቶታል። አንዱ ከቅጽበት ወደ ቅጽበት የሚሄድ ነው፤ ዓይን ተገልጦ ሲከደን። ሌላው ከድርጊት ወደ ድርጊት፣ ሌላው በአንድ ቦታ ካለ ነገር ወደ ሌላ ነገር፣ ሌላው ከቦታ ወደ ቦታና ከዘመን ወደ ዘመን ይሻገራል። አምስተኛው ጊዜውን አቁሞ የአንድን ቦታ ልዩ ልዩ ገጽታ ያሳያል። ስድስተኛው ምንም ግንኙነት የሌላቸውን ሁለት ሥዕሎች ጎን ለጎን ያስቀምጣል። ይህን ዝርዝር የያዘ ሰው ማንኛውንም የኮሚክ ገጽ ፈታትቶ ማየት ይችላል።

ከአዲስ አበባ 220 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ሸዋ ሮቢት እንዲህ ያለ መጽሐፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰው በዘመድ ሻንጣ ወይም በስልክ ነው። አንዱን ማስመጣት ሌላውን መተው ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የማነሣቸውን መጻሕፍት የመረጥኩት በዝናቸው አይደለም፤ ሥራቸው ሲገላበጥ በሚታየው ነገር ነው።

የእኛ ዓይን ለዚህ ሙያ እንግዳ አይደለም። የንግሥተ ሳባንና የንጉሥ ሰሎሞንን ታሪክ በአንድ ሸራ ላይ የሚተርከውን ሥዕል ያላየ ጥቂት ነው። በሃያኛው ክፍለ ዘመን የአዲስ አበባ ሠዓሊዎች ደጋግመው ሠርተውታል። ብዙውን ጊዜ 44 ሣጥኖች አሉት። ሣጥኖቹ በረድፍ ተደርድረዋል፤ ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባሉ፤ አጭር የአማርኛ ጽሑፍ ተያይዞባቸዋል። ታሪኩ የሚጀምረው ሕዝቡ ከሚገብርለት ዘንዶ ነው። አንጋቦ ዘንዶውን ገድሎ ይነግሣል። ልጁ ማክዳ ትወርሰዋለች። ነጋዴው ታምሪን የሰሎሞንን ወሬ ያመጣላታል። ከዚያ ጉዞው፣ ግብሩ፣ ውኃው፣ የምኒልክ መወለድ፣ በመጨረሻም የታቦቱ መምጣት ይከተላል።

ዘንዶው የሚሞትበትን ክፍል በቅርብ ይመልከቱ። በአንድ ሣጥን ፍየሉ መርዝ ይበላል። ቀጥሎ ዘንዶው ፍየሉን ይውጣል። ቀጥሎ ዘንዶው ተዘርሯል። መርዙ በዘንዶው ሆድ ውስጥ የሠራበት ጊዜ አልተሣለም፤ በሁለቱ ሣጥኖች መካከል ባለው መስመር ውስጥ አልፏል። ግብሩም እንዲሁ ነው። ቅመም የበዛበት ምግብ በአንድ ሣጥን ይቀርባል። ማክዳ ውኃ ስታነሣ የምትታየው በሌላ ሣጥን ነው። ጥሙ የመጣው በመካከል ነው። ሠዓሊው ጥምን መሣል አላስፈለገውም።

ሌላም ሕግ አለ። በአገራችን የሥዕል ልማድ ደጉ ሰው ፊቱን ወደ ተመልካች አዙሮ ሁለት ዓይኑ ይታያል። ክፉው በጎን ይሣላልና አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ፊቱ የአውራ ጣት ጥፍር ቢያክልም ተመልካቹ ማን ማን እንደሆነ አይስትም። የዛሬ የኮሚክ ሠዓሊም የሚታገለው ከዚሁ ጉዳይ ጋር ነው። አንድ ገጸ ባሕርይ በመጽሐፉ ውስጥ መቶ ጊዜ ይሣላል፤ በመቶውም ራሱን መሆን አለበት። ሠዓሊዎቻችን ማክዳን በዘውዷና በልብሷ ቀለም አስረው ከሣጥን ወደ ሣጥን ያሻግሯታል። ቀለሙ ጠፍጣፋ ነው፤ ጥላ የለውም። ዙሪያው በጥቁር መስመር ተቀጥሯል። ቤልጂየማዊው ኤርዤ እ.ኤ.አ. በ1929 በጀመረውና በቀጣዮቹ ዓመታት ባጠራው “ቲንቲን” በተባለ ኮሚክ የታወቀበት ስልትም መርሁ ይኸው ነው፤ ወጥ መስመር፣ ጠፍጣፋ ቀለም፣ ጭረት የሌለው ጥላ። ሁለቱ አንዱ ከሌላው አልተማሩም። ትንሽ ሥዕል ከሩቅ እንዲነበብ የፈለገ ሠዓሊ የሚደርስበት መፍትሔ ግን ተቀራራቢ ነው።

ወደ ወረቀቱ እንሂድ። በአሜሪካ የተለመደው የኮሚክ ወረቀት 28 በ43 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ሥዕሉ የሚያርፍበት ቦታ 25 በ38 ይሆናል። መጽሐፉ የሚታተመው ግን በ17 በ26 ገደማ ነው። ይህ ማለት ሥዕሉ ወደ ሁለት ሦስተኛ ያንሳል። 0.6 ሚሊ ሜትር የነበረ መስመር 0.4 ይሆናል። የእጅ መንቀጥቀጥ ይጠፋል፤ ጠርዙ ይጠራል። ሠዓሊው በትልቁ ሲሠራ የሚያስበው ትንሹን ነው። ያልተለማመደ ሠዓሊ በትልቁ ወረቀት ላይ ያማረ ጭረት ይደረድራል፤ ሲያንስ ጭረቶቹ ተጣብቀው ጥቁር ነጠብጣብ ይሆናሉ።

አርት ስፒገልማን ተቃራኒውን መርጧል። አባቱ ከናዚዎች የሞት ካምፖች የተረፉበትን ታሪክ የሚተርከውን “ማውስ”ን የሣለው በሚታተምበት ልክ ነው። አላሳነሰውም። ስለዚህ የመስመሩ ሻካራነትና የእጁ ማመንታት እንዳለ ገጹ ላይ ቀርተዋል። መጽሐፉ በሁለት ክፍል እ.ኤ.አ. በ1986 እና በ1991 ወጣ፤ በ1992 ልዩ የፑሊትዘር ሽልማት ተሰጠው። በመጀመሪያው ክፍል አንድ ሣጥን አለ። የስፒገልማን አባትና እናት መሄጃ አጥተው በመንገድ ላይ ይታያሉ። ከፊታቸው ያለው መስቀለኛ መንገድ ቅርጹ የናዚ ምልክት ነው። ስለ ምልክቱ የሚናገር ጽሑፍ የለም። መንገዱ ራሱ ይናገራል፤ በየትኛውም አቅጣጫ ቢሄዱ በእርሱ ላይ ነው የሚሄዱት።

ገጹን ሲገልጡም የሚታይ ሥራ አለ። ከግራ ወደ ቀኝ በሚነበብ መጽሐፍ ጎዶሎ ቁጥር ያለው ገጽ በስተቀኝ ነው፤ ሙሉ ቁጥር ያለው በስተግራ። አንባቢው የሚገልጠው የቀኙን ገጽ ሲጨርስ ነው። ጎበዝ ሠዓሊ በቀኝ ገጽ የመጨረሻ ሣጥን ላይ ጥያቄ ያስቀምጣል፤ በር ይንኳኳል፣ አንድ ሰው ዞር ይላል። መልሱን በግራ ገጽ የመጀመሪያ ሣጥን ላይ ያኖረዋል። መልሱ በቀኝ ገጽ መካከል ከተቀመጠ ዓይን ሳይፈልግ ቀድሞ ያየዋል፤ ድንጋጤው ይባክናል። በስልክ ሲነበብ ይህ ሥራ ግማሹ ይጠፋል። ስልክ ሣጥኖቹን አንድ በአንድ ያሳያል እንጂ የሁለት ገጽ አደራደር አያሳይም። ስለዚህ በስልክ የሚያነብ ሰው ቢያንስ አንድ ጊዜ ሙሉውን ገጽ አሳንሶ ይመልከት።

አሁን ወደ አማርኛው። በብሥራት ደበበ የተቋቋመው ዕጣን ኮሚክስ እ.ኤ.አ. በ2018 “ጀምበር”ን አወጣ። በአማርኛና በእንግሊዝኛ የቀረበ፣ ኢትዮጵያዊ ልዕለ ጀግና የያዘ መጽሐፍ ነው። ባለታሪኩ አማኑኤል ጥላሁን ትምህርቱን ጨርሶ አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ ፍለጋ የሚዞር ወጣት ነው። ኃይል የሚያገኘው ሥራ ሳያገኝ ነው። ይህ ምርጫ ራሱ የሙያ ውሳኔ ነው። ጀግናው ሲበርር ከማየታችን በፊት ሲሄድ እናየዋለን፤ መንገዱን፣ ታክሲውን፣ ማስታወቂያ ሰሌዳውን እናውቃለን። የታወቀ ነገር ከተሣለ በኋላ ያልታወቀው ሲመጣ ይታመናል። ቀጥሎ የመጣችው “ሃዊ” ናት፤ ባለታሪኳ እምነት ለገሰ ከአሜሪካ ወደ ኢትዮጵያ የመጣች ወጣት ስትሆን እናቷ ታፍናባታለች። አንዱ ከተማውን ከውስጥ ያያል፤ ሌላዋ ከውጭ መጥታ ታያለች። ሁለቱን አከታትሎ ያነበበ ሰው አንድ አገር በሁለት ዓይን እንዴት እንደሚሣል ያወዳድራል።

በሁለት ቋንቋ የሚወጣ ኮሚክ ግን ትልቅ ፈተና ያለበት ፊኛው ውስጥ ነው፤ ንግግሩ በሚጻፍበት ነጭ ክብ ውስጥ። የእንግሊዝኛ ኮሚክ ንግግሩን በአብዛኛው በትላልቅ ፊደላት ብቻ ይጽፋል። ምክንያቱ ቁመታቸው እኩል መሆኑ ነው። ከላይ የሚወጣ አንገት፣ ከታች የሚንጠለጠል ጅራት የለም፤ መስመሮቹ ይቀራረባሉ። ፊደላችን ይህን ባሕርይ ከጥንት ይዞታል ማለት ይቻላል። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። የአማርኛ ግሥ አድራጊውን፣ ተደራጊውንና አሉታውን በአንድ ቃል ይሸከማል። “አልነገርኳቸውም” ዘጠኝ ፊደል ነው፤ መሰበር የማይወድ አንድ ቃል። በእንግሊዝኛ ተመሳሳዩ ሐሳብ አራት አምስት አጫጭር ቃላት ሆኖ በሦስት መስመር ይደረደራል፤ ክብ ፊኛ ውስጥ ይገባል። አማርኛው ያው ክብ ውስጥ ሲገባ መካከሉን ሞልቶ ላይና ታቹን ባዶ ይተዋል። ለአማርኛ የሚስማማው ፊኛ ሰፊና አጭር ነው። ሠዓሊው ይህን ከመጀመሪያው ካላሰበበት ፊኛው የሰው ራስ ላይ ይወጣል፣ ወይም ፊደሉ ይደቃል።

ፊደሉ ሲደቅ ምን እንደሚሆን ይመልከቱ። “ቢ” እግሩ ሥር አግድም ጭረት አለው። “ቤ” እዚያው ቦታ ትንሽ ቀለበት አለው። ፊደሉ ከልክ በላይ ካነሰ ቀለበቱ በቀለም ይሞላል፤ ሁለቱን ለመለየት ዓይን መጠጋት አለበት። ብዙ ሆሄያት የሚለያዩት በእንዲህ ዓይነት ጭረትና ቀለበት ነው። ስለዚህ የአማርኛ ኮሚክ ሲገዙ አንድ ገጽ ገልጠው አምስተኛውንና ሦስተኛውን ሆሄ ይፈልጉ። የቀለበቱ ውስጥ ነጭ ሆኖ ከታየ ጽሑፉን ያኖረው ሰው ሥራውን ያውቃል።

የብራና ጸሐፊዎች ቃልን በመስመር የማስገባትን ችግር ቀድመው አይተውታል። ጸሐፊው ቀለም ከመንከሩ በፊት ብራናውን በጠርዙ ይወጋል፤ ከነጥብ ወደ ነጥብ በደነዘ ብረት መስመር ያሰምራል። መስመሩ ቀለም የለውም፤ ስርጉድ ብቻ ነው። ፊደሉ በእርሱ ላይ ይቆማል። በቃላት መካከል ሁለት ነጥብ ስለሚያኖር ቃሉን የትም ቢሰብረው አንባቢው አይሳሳትም። የዛሬው ኅትመት ሁለት ነጥቡን ትቶ ባዶ ቦታ ስለያዘ ይህ ነጻነት የለውም። በእጅ የሚጽፍ የኮሚክ ሠራተኛም መጀመሪያ ቀጭን የእርሳስ መስመር ያሰምራል፤ ቀለሙ ሲደርቅ በላጲስ ያጠፋዋል። ሁለቱም መስመራቸው እንዲታይ አይፈልጉም። ውጤቱ ግን ከፊደሉ አቋቋም ይታያል።

አማርኛ ለዚህ ሥራ የያዘው ሌላም ሀብት አለ። ድምፅን የሚያሳዩ ቃላቱ ብዙ ናቸው፤ ጧ፣ ኳ፣ ድው፣ ሿ፣ ቸስ። እያንዳንዱ አንድ ወይም ሁለት ፊደል ነው፤ ትልቅ ሆኖ በሥዕሉ ላይ ሊሣል ይችላል። ውኃው ሿ ሲል የ“ሿ” እግር ከፈሳሹ ጋር ሊፈስ ይችላል። ትእምርተ ሥላቅም አለን፤ የተገለበጠ ቃለ አጋኖ የሚመስለው ምልክት (¡)። አሽሙር የሚናገር ገጸ ባሕርይ ፊቱ ሳይለወጥ በምልክቱ ብቻ ሊታወቅበት ይችላል። ይህን ምልክት በፊኛ ውስጥ በትክክል የሚጠቀም መጽሐፍ ካገኙ ደራሲው ቋንቋውን እስከ ነጥቡ ያውቀዋል።

ከውጭ ከተሠሩት መካከል በሸዋ ሮቢት ዙሪያ ላለው ለይፋት አንባቢ ቅርብ የሚሆኑትን ልጥቀስ። “አያ” አንዱ ነው። ጽሑፉ የአይቮሪ ኮስት ተወላጇ የማርጌሪት አቡዌ፣ ሥዕሉ የክሌማን ኡብረሪ ነው። የመጀመሪያው ቅጽ እ.ኤ.አ. በ2005 ወጥቶ በቀጣዩ ዓመት በፈረንሣዩ የአንጉሌም የኮሚክ ፌስቲቫል የመጀመሪያ ሥራ ሽልማት አገኘ። ታሪኩ በአቢጃን ከተማ ዮፑጎን በሚባል ሰፈር፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ የሚኖሩ ሦስት ወጣት ሴቶችን ይከተላል። ጦርነት የለበትም፤ ረኀብ የለበትም። ሰፈር፣ ወላጅ፣ ፍቅር፣ ትምህርት ነው። የሣጥኖቹ ጠርዝ በማስመሪያ የተሰመረ አይመስልም፤ የእጅ መስመር ነው። በመጽሐፉ መጨረሻ ጨርቅ እንዴት እንደሚታሠር፣ ወጥ እንዴት እንደሚሠራ የሚያሳዩ ገጾች ተጨምረዋል። ደራሲዋ ሰፈሩን ለማያውቅ ሰው ታሪኩን አቋርጣ አላብራራችም። ማብራሪያውን ለብቻው አስቀምጣ ታሪኩን አልነካችም።

የኢራኗ ማርጃን ሳትራፒ “ፐርሴፖሊስ”ን እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ በአራት ቅጾች በፈረንሣይኛ አሳተመች። ሙሉው በጥቁርና በነጭ ነው፤ ግራጫ የለበትም። ጥላ ያለበት ቦታ ጥቁር ነው፣ ብርሃን ያለበት ነጭ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሣጥኖች ይመልከቱ። በመጀመሪያው የአሥር ዓመቷ ልጅ ራሷን ሸፍና ብቻዋን ተቀምጣለች። በሁለተኛው የክፍል ጓደኞቿ በረድፍ ተቀምጠው ፎቶግራፍ ይነሣሉ። እርሷ ግን በግራው ጫፍ በሣጥኑ ጠርዝ ተቆርጣ ልትጠፋ ደርሳለች። ልጅቱን በሙሉ ያየናት ለአንድ ሣጥን ብቻ ነው። ወዲያው ከሌሎቹ ጋር አንድ ዓይነት ልብስ ለብሳ ከጠርዙ ውጭ ሆነች። የመጽሐፉ ጉዳይ በሙሉ በሁለት ሣጥንና በአንድ የተቆረጠ ጠርዝ ተነግሯል።

ጀርመናዊው ራይንሃርት ክላይስት እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው የሳሚያ ዩሱፍ ኦማር ታሪክ ለአካባቢያችን ወጣቶች በተለይ የቀረበ ነው። ሳሚያ ሶማሊያዊት ሯጭ ነበረች። በ2008 ቤይጂንግ ላይ 200 ሜትር ሮጣ በማጣሪያው የመጨረሻ ወጣች፤ ተመልካቹ ግን አጨበጨበላት። ለለንደኑ ኦሎምፒክ አሠልጣኝ ፍለጋ አዲስ አበባ መጣች፤ ከዚያ በሱዳንና በሊቢያ አድርጋ ባሕር ለመሻገር ስትሞክር በ2012 ሰጠመች። ክላይስት በብሩሽና በጥቁር ቀለም ሠርቶታል። ትረካውን የሚይዙት ሳሚያ በፌስቡክ የምትጽፋቸው ሆነው የቀረቡ አጫጭር መልእክቶች ናቸው። በመልእክቶቹ መካከል የሚያልፈው ጊዜ ከጥቂት ቀን እስከ ብዙ ወር ነው። መልእክት ሲዘገይ አንባቢው ይጨነቃል። ነጩ ክፍተት እዚህ የስልክ ዝምታ ሆኗል።

እንዲሁም እ.ኤ.አ. በ2020 ቪክቶሪያ ጄሚሰንና ኦማር ሞሐመድ አብረው ያወጡት መጽሐፍ አለ፤ ቀለሙን ያኖረችው ኢማን ጌዲ ናት። ኦማርና ታናሽ ወንድሙ ሐሰን በኬንያ ዳዳብ የስደተኞች ካምፕ ያደጉበትን ታሪክ ይተርካል። ሐሰን የሚናገራት አንዲት ቃል ናት፤ በሶማሊኛ እናቴ ማለት ነው። ስለዚህ የሐሰንን ሐሳብ የሚሸከመው ፊኛው አይደለም፤ ትከሻው፣ እጁና ዓይኑ ናቸው። ዝም የሚል ሰው በሥዕል እንዴት እንደሚናገር ማየት የሚፈልግ ይህን ያንብብ። መስመሩ ግልጽ ስለሆነ አሥራ ሁለት ዓመት ለሞላው ልጅም ይሆናል።

ከኢትዮጵያ ጋር የቆየ ትስስር ያለውን አንድ ስም ሳላነሣ አላልፍም። ጣሊያናዊው ሁጎ ፕራት በልጅነቱ፣ በወረራው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1937 ከእናቱ ጋር አባቱ ወዳለበት ወደ ኢትዮጵያ መጣ። ጣሊያን ከተሸነፈች በኋላ አባቱ በእስር ሞተ፤ እርሱና እናቱ ድሬዳዋ በሚገኝ ካምፕ ታገቱ። ልጁ እዚያ ከጠባቂዎች ኮሚክ እየገዛ ያነብ ነበር። በኋላ በፈጠረው በመርከበኛው ኮርቶ ማልቴዝ ታሪክ ውስጥ ይህንን የአፍሪካ ቀንድ ደጋግሞ ሥሎታል፤ ኩሽ የተባለ የደናክል ተዋጊም አለበት። ፕራት በረሃን ሲሥል ብዙ አይጨምርም። አንድ የአድማስ መስመር፣ ሁለት ሦስት የብሩሽ ጥቁር፣ የቀረው ነጭ ወረቀት ነው። ከሸዋ ሮቢት ወደ ምሥራቅ፣ ወደ አፋር ሜዳ የወረደ ሰው ያ ነጭ ወረቀት ሙቀት መሆኑን ያውቃል።

የይፋት ቆላ ራሱ በሣጥን ሊከፈል የሚችል አገር ነው። ከጣርማ በር እስከ ሸዋ ሮቢት ያለውን ቁልቁለት እንደ መልመጃ እንውሰደው። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ሸዋ ሮቢት 1,280 ሜትር ገደማ። ሠዓሊ ስድስት ሣጥን ቢሰጠው እንዲህ ሊያደርገው ይችላል። አንድ፤ ጉም፣ ጭላዳ፣ የዋሻው አፍ። ሁለት፤ ደብረ ሲና፣ ጋቢ የለበሰ ተሳፋሪ በመስኮት ቆሎ ይገዛል። ሦስት፤ ያው ተሳፋሪ፣ ጋቢው ትከሻው ላይ ወርዷል። አራት፤ መስኮቱ ተከፍቷል፣ ጋቢው ጭኑ ላይ ነው። አምስት፤ ውጭው ማሽላና ግራር። ስድስት፤ ሸዋ ሮቢት፣ ጋቢው ተጠቅልሎ ብብቱ ሥር፣ እጁ ላይ ማንጎ። አየሩ አልተሣለም፤ ከፍታውም በቁጥር አልተጻፈም። ጋቢው ብቻ ወርዷል። ከ1,700 ሜትር የሚበልጠው ቁልቁለት በአምስቱ ክፍተቶች ውስጥ ተከፋፍሏል።

ታሪኩም ሞልቷል። ከአሥራ ሦስተኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የወላስማ ሥርወ መንግሥት ሱልጣኖች የገዙት ይፋት በዚህ ቁልቁለት ዙሪያ ነበር። የኖራ፣ የአስባሪና የመሳል የድንጋይ ፍርስራሾች ዛሬም በአካባቢው አሉ። ሱልጣን ሰብረዲን ከዐፄ አምደ ጽዮን ጋር በ1332 እ.ኤ.አ. በተዋጋበት ጊዜ የንጉሡን ከተማ ይዞ ጫት እተክልበታለሁ ብሎ እንደ ፎከረ የአምደ ጽዮን ዜና መዋዕል ይነግረናል። ይህን ለሚሥል ሰው ጦርነቱን በሁለት ገጽ መዘርጋት አያስፈልገውም። አንድ ሣጥን፤ እጅ ላይ ያለ የጫት ቅርንጫፍ። ቀጣዩ ሣጥን፤ ከሩቅ የሚታይ የደጋ ከተማ። ፉከራው በመካከል አለ።

አካባቢው ለሌላ ዓይነት ኮሚክም ዝግጁ ነው። የጃፓን ኮሚክ፣ ማንጋ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ይነበባል። ብዙ አንባቢ መጀመሪያ ላይ ይደናበራል። በይፋት ግን ቁርኣን በመድረሳ የቀራ፣ ፊደልን በትምህርት ቤት የቆጠረ ልጅ ብዙ ነው። ዓይኑ በሁለቱም አቅጣጫ መሄድ ያውቃል። ማንጋ ሲይዝ ከመጨረሻው ሽፋን መጀመር ለእርሱ ትልቅ ጉዳይ አይደለም።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉን ላስቀምጥ። በአማርኛ ለመጀመር “ጀምበር”፤ ከሚታወቅ ከተማ ይነሣልና። ከእርሱ ጎን “ሃዊ”፤ ለማወዳደር። እንግሊዝኛ ለሚያነብ ወጣት የኦማርና የሐሰን ታሪክ፣ ቀጥሎ የሳሚያ። ለአዋቂ “አያ”፣ “ፐርሴፖሊስ”፣ በመጨረሻም “ማውስ”፤ የመጨረሻው ልብ ይጠይቃል፤ ለልጅ አይሰጥም። መሣል ለሚፈልግ ደግሞ ከሁሉ በፊት ባለ 44ቱን ሸራ፤ ጽሑፉን ሳያነብ ታሪኩን እስከ መጨረሻው ለመከተል ይሞክር።

በእነዚህም ሆነ ወደፊት በሚወጡት ላይ የሚሠራ አንድ መፈተኛ አለ። አንድ ገጽ ይምረጡ። ፊኛዎቹን በወረቀት ቁራጭ ሸፍነው ሥዕሉን ብቻ ያንብቡ። ከዚያ ሥዕሉን ሸፍነው ንግግሩን ብቻ ያንብቡ። ሥዕሉ ብቻውን ሁሉን ከተናገረ ንግግሩ ትርፍ ነው። ንግግሩ ብቻውን ከበቃ ሥዕሉ ጌጥ ነው። ሁለቱም ለየብቻ ጎድለው አንድ ላይ ሲሆኑ ከሞሉ መጽሐፉን ያስመጡት፤ ገንዘብዎ አይባክንም።